ለትሮምቦናችሁ ማውዝፒስ ስትመርጡ፦ ለቴኖርም ለባስም፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተጫዋቾች

ማውዝፒስ ትሮምቦኑ ላይ ተሰክቶ የምንነፋበት ክፍል ነው። የትሮምቦን ድምፅ አልወጣ ሲል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ "ትልቅ ማውዝፒስ ባገኝ ይሻለኝ ነበር" የሚል ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፤ የማውዝፒሱ እግር ከመሣሪያው ጋር ይገጥማል ወይ? ቀጥሎ፣ የምትጫወቱት የተለመደው ቴኖር ነው ወይስ ለታችኛው ድምፅ የተሠራው ባስ? ስፋት፣ ጥልቀትና ጠርዝ ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ ማውዝፒስ የሚደርሰን ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ወይም ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ስለሆነ፣ ተሳስቶ የመጣውን መልሶ መለወጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ልኬቱን ከማዘዛችሁ በፊት ጨርሱት።

እግር፣ ስኒና ጉሮሮ የምንለውን አስቀድመን እንግባባ። ከንፈር የሚያርፍበት ቀለበት ጠርዝ ነው። ከጠርዙ ሥር ያለው ጎድጓዳ ስኒ ነው፤ ቅርጹም የቡና ስኒ ይመስላል። ከስኒው ግርጌ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ጉሮሮ፣ ከጉሮሮው በታች እየሰፋ የሚወርደው ቦይ፣ ወደ ትሮምቦኑ የሚሰካው ሾጣጣ ደግሞ እግር ነው።

ደረጃ 1፦ እግሩን ለዩ

የትሮምቦን ማውዝፒስ በዋናነት ሁለት ዓይነት እግር አለው፤ ትንሽና ትልቅ። የትኛው እንደሚገባችሁ የሚወስነው የመሣሪያው መሰኪያ ነው፤ መሰኪያውም አብዛኛውን ጊዜ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ጋር አብሮ ይሄዳል። ለተማሪ የሚሰጡት ቴኖሮች፣ ለምሳሌ ያማሃ 354፣ የቱቦው የውስጥ ስፋት 12.7 ሚ.ሜ. ነው፤ የሚቀበሉት ትንሹን እግር ነው። ትሪገር (በአውራ ጣት ተጭኖ ተጨማሪ ቱቦ የሚከፍት) ያላቸው ትልልቆቹ ቴኖሮች፣ ባክ 42ቢን፣ ኮን 88ኤችንና ያማሃ 882ን የመሳሰሉት፣ 13.89 ሚ.ሜ. ናቸው፤ ትልቁን እግር ይቀበላሉ። ባስ ትሮምቦን በብዛት 14.27 ሚ.ሜ. ነው፤ እሱም የሚቀበለው ያንኑ ትልቁን እግር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የባስ እግር ከትልቁ ቴኖር የተለየ ይመስለዋል። አንድ ስለሆነ የባስ ማውዝፒስ ትልቅ ቴኖር ላይ ያለምንም ችግር ይሰካል። መሰካቱ ግን ለዚያ መሣሪያ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም።

መሣሪያው ላይ ምንም ጽሑፍ ከሌለ ለኩት። የውጩን ስላይድ (ተንሸራታቹን ቱቦ) ቀስ ብላችሁ አውጡና አልጋ ላይ አስቀምጡት፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ በአንድ ቀን ተበላሸ ማለት ነው። ከዚያ የውስጠኛውን ቱቦ የታችኛውን ጫፍ ውስጡን በካሊፐር ለኩ። ካሊፐር የሌለው ወደ ቶርኖ ቤት ጎራ ይበል፤ ለኮምቦልቻ ሰው ይህ አያስቸግርም። ካሊፐሩን በኃይል አትክፈቱት፤ የቱቦው ግድግዳ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ከተጣመመ ስላይዱ መንሸራተት ያቆማል።

ቀጥሎ ማውዝፒሱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ያለ ግፊት ሰኩት። ልክ የሆነው እግር ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. ገብቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጠርዙን ወደ ግራና ቀኝ ነቅነቅ ስታደርጉት ምንም ኳ የሚል ነገር አይሰማም። 1 ሴ.ሜ. ያህል ገብቶ ከተገታ ትልቅ እግር በትንሽ መሰኪያ ላይ ነው። እስከ አንገቱ ሰምጦ የሚወዛወዝ ከሆነ ትንሽ እግር በትልቅ መሰኪያ ላይ ነው። ከባሪቶን ወይም ከኢዩፎኒየም የተዋሰ ማውዝፒስ ከሁለቱም ሳይሆን መሐል ላይ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዶቹ መካከለኛ እግር አላቸው።

የሚወዛወዘውን በፕላስተር ወይም በወረቀት መጠቅለል የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። በጥቅሉ ሥር አየር ያመልጣል፣ ማውዝፒሱ የሚቆምበት ርቀት ይለወጣል፣ ላይኛውና ታችኛው ቢ ፍላት የሚባሉት ኖታዎችም እርስ በርስ አይስማሙም። ትንሹን እግር ትልቅ መሰኪያ ላይ የሚያስገጥም የብረት ቀለበት አለ፤ ትክክለኛው እስኪገኝ በእሱ መቆየት ይቻላል። ትልቁን እግር ወደ ትንሽ መሰኪያ የሚያስገባ ነገር ግን በቀላሉ አይገኝም። እግሩን በሞላ ወይም በሸካራ ወረቀት ማሳነስም ማውዝፒሱን መጣል ነው።

ደረጃ 2፦ አሁን ያላችሁን ማውዝፒስ ለኩ

የፋብሪካዎች ቁጥር አይመሳሰልም። በባክ ቁጥሩ ሲያንስ ጠርዙ ይሰፋል፤ 12ሲ ጠባብ፣ 5ጂ ሰፊ፣ 1ጂ ከሁሉም ሰፊ ነው። ዴኒስ ዊክም እንዲሁ ነው፤ 6 ከ4 ይጠባል። በያማሃና በሺልኬ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ 48 ጠባብ፣ 60 ሰፊ። ሬኖልድ ሺልኬ ለያማሃ አማካሪ ሆኖ ስለሠራ የሁለቱ ቁጥር መቀራረቡ አይገርምም።

ፊደሉ የበለጠ ያሳስታል። በዊክ ማውዝፒስ ላይ መጨረሻ የሚመጣው ኤል ትልቅ እግር፣ ኤስ ትንሽ እግር ማለት ነው፤ 6ቢኤስ ለትንሹ ቴኖር፣ 6ቢኤል ለትልቁ። ያማሃም በ48ኤስ እና በ48ኤል እንደዚሁ ይለያል። በባክ 6½ኤኤል ላይ ያለው ኤል ግን ስለ እግሩ ምንም አይናገርም፤ ያው ማውዝፒስ በሁለቱም እግር ይሠራል። "6½ኤኤል ላክልኝ" ብላችሁ ብቻ ካዘዛችሁ ትክክለኛው እግር የመምጣቱ ዕድል ግማሽ ነው። ትእዛዙን ስትጽፉ "ትንሽ እግር" ወይም "ትልቅ እግር" የሚለውን ቃል ለብቻው አስገቡ።

ከርካሽ ትሮምቦን ጋር የሚመጣ ማውዝፒስ ላይ 12ሲ ተቀርጾ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ቁጥሩን አምናችሁ አትቀመጡ። የጠርዙን የውስጥ ስፋት ከአፉ 1 ሚ.ሜ. ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ለኩ። ለማነጻጸር፦ 12ሲ 24.5 ሚ.ሜ.፣ 6½ኤኤል 25.4፣ 5ጂ 25.5፣ 4ጂ 26፣ 1½ጂ 27፣ 1ጂ 28 ሚ.ሜ. ገደማ ናቸው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚለካበት ጥልቀት ስለሚለያይ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚ.ሜ. ልዩነት ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ከንፈር ግን ግማሽ ሚሊሜትርን በደንብ ያውቀዋል።

ጉሮሮውን ለመለካት የትራፓኖ ፑንታ ይበቃል። 6፣ 6.5 እና 7 ሚ.ሜ. ፑንታዎችን ያዙና የሚቆርጠውን ጫፍ ሳይሆን ለስላሳውን ጭራ ከስኒው በኩል ቀስ ብላችሁ አስገቡ። 6 ሚ.ሜ. ሳይነካ ካለፈና 6.5 ካልገባ ጉሮሮው በመካከላቸው ነው ማለት ነው። የ12ሲ ጉሮሮ ከ6 ሚ.ሜ. በጥቂቱ ያንሳል፤ የ5ጂ ደግሞ 7 ሚ.ሜ. ነው። በሚቆርጠው ጫፍ አትሞክሩ፤ ጉሮሮ ላይ የገባ ጭረት አይጠገንም።

የስኒውን ጥልቀት ለማነጻጸር የሐኪም ቤት ሲሪንጅ ያለ መርፌ ያስፈልጋችኋል። ጉሮሮውን ከሥሩ በኩል በለሰለሰ ሻማ እስከ ስኒው ግርጌ ድረስ ድፈኑ፤ ማውዝፒሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ውኃው ከጠርዙ እኩል እስኪሆን በሲሪንጅ ሙሉት። ስንት ሚሊ ሊትር እንደያዘ ጻፉ። የሁለት ማውዝፒስ ስፋት እኩል ሆኖ አንዱ ብዙ ውኃ ከያዘ ጥልቁ እሱ ነው። ሻማውን ለማውጣት ለብ ያለ ውኃና የእንጨት ስንጥር ይበቃል።

ደረጃ 3፦ የጎደለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ድምፄን አልወደድኩትም" ብሎ ማውዝፒስ መምረጥ አይቻልም። ችግሩ በየትኛው ኖታ ላይ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚመጣ መታወቅ አለበት።

ላይኛው ድምፅ በቱነር (የኖታውን ልክነት በሚያሳየው መለኪያ) ላይ ከወረደ፣ ታችኛው ግን ልክ ከሆነ፣ ስኒው ለመሣሪያው በዝቷል። ትልቅ ስኒ ከሁሉ በፊት የሚያወርደው ላይኛውን ነው። ትንሽ ቴኖር ላይ ጥልቅ ማውዝፒስ የሚሰኩ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ይህ ነው፤ ሁለት ወር ከንፈራቸውን ያሠቃያሉ፣ ጥፋቱ ግን የስኒው ነው።

ታችኛው ድምፅ ከሳሳና ጮክ ብላችሁ ስትነፉ እየተሰነጠቀ ከጮኸ ስኒው ጎድሏል፣ ወይም ጉሮሮው ጠቧል።

ከንፈራችሁ የስኒውን ግድግዳ እየነካ ድምፁ በድንገት የሚቋረጥ ከሆነ ስኒው ለከንፈራችሁ ጥልቀት አንሶታል። ወፍራም ከንፈር ያለው ሰው መፍትሔው የግድ ሰፊ ጠርዝ አይደለም፤ በዚያው ስፋት ትንሽ ጠለቅ ያለ ስኒ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

በ15 ደቂቃ ውስጥ ከንፈር ከደከመ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ጠርዙ ቀጭን መሆኑ ነው። ቀጭን ጠርዝ ከኖታ ወደ ኖታ ለመዝለል ያቀላል፣ ክብደቱ ግን ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ቶሎ ያደክማል፤ ወፈር ያለ ጠርዝ ያሳርፋል፣ ዝላዩን ግን ትንሽ ያከብደዋል። ቆመው ሳይሆን እየተራመዱ ለሚጫወቱ፣ በተለይ የደሴን ዳገት ለሚወጡ፣ ወፈር ያለውን እንመክራለን። ሁለተኛው በክንድ የመጫን ልማድ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ማውዝፒስ አይፈታውም።

ከንፈር የሚያሳክክ ከሆነ ጠርዙን በብርሃን እዩት። ብሩ ተልጦ ቢጫ ናስ ከታየ ችግሩ የመጠን አይደለም። ማስለበጥ ይቻላል፤ ካልሆነም የፕላስቲክ ማውዝፒስ ይሠራል። በብርድ ማለዳም ፕላስቲኩ ለከንፈር ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ለቴኖር

በትንሹ ቴኖር ለሚጀምር ልጅ 12ሲ ይበቃል። ድምፁን አጽንቶ ላይኛውን ኤፍ ያለ ጭንቀት ማውጣት ሲችል ወደ ባክ 6½ኤኤል፣ ወደ ያማሃ 48ኤስ ወይም ወደ ዊክ 6ቢኤስ ይሸጋገር። ከ24.5 ወደ 25.4 የሚደረገው ይህ ሽግግር በትንሽ ቴኖር ላይ ከሁሉም የሚጠቅም ነው፤ ድምፁ ይሞላል፣ ላይኛውም አይጠፋም። ከዚያ አልፎ ለትንሽ እግር የተሠራውን ሰፊ ባክ 5ጂኤስን መፈለግ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። የሰርግ ባንድ ውስጥ ከሳክስፎንና ከትራምፔት ጋር ሆነው ከፍ ያሉ ኖታዎችን የሚጫወቱ ሰዎች በ12ሲ ወይም በ11ሲ ቢቆዩ ትክክል ናቸው፤ ያ ብሩህ ድምፅ ለሥራቸው የሚፈለግ ነው።

ለትልቁ ቴኖር መነሻው 5ጂ ወይም ያማሃ 51ኤል ነው። ከትንሹ የመጣ ሰው 6½ኤኤልን በትልቅ እግር ቢጀምር ጠርዙ የለመደው ስለሚሆን ሽግግሩ ይቀለዋል። 4ጂና ዊክ 4ኤኤል በኅብረት ለሚጫወት፣ ወፍራም ድምፅ ለሚፈልግና በየቀኑ ለሚለማመድ ናቸው።

ስለ አየራችን አንድ ነገር እንበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰፊ ጉሮሮ ትንፋሽ ይበላል። እዚህ ያደገ ሰው ለምዶታል፤ ከቆላ መጥቶ የሰነበተ እንግዳ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐረጉን ሳይጨርስ ቢያልቅበት ማውዝፒሱን አይውቀስ።

ደረጃ 5፦ ለባስ

ባስ ትሮምቦንን በቴኖር ማውዝፒስ መጫወት ይቻላል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን የቴኖር ነው። ከኢ በታች ሲወርድ ይሳሳል፣ ፔዳል ኖታዎቹም (የመሣሪያው እጅግ ዝቅተኛ የሆኑት መሠረታዊ ድምፆች) ይንጫጫሉ። የባስ ማውዝፒስ ከ27 ሚ.ሜ. ይጀምራል። ለመጀመሪያ 1½ጂን ወይም ያማሃና ሺልኬ 58ን ያዙ። 59፣ 60፣ ባክ 1ጂና ዊክ 0ኤኤል የሚመጡት 1½ጂ በእርግጥ ሲጠባችሁ ነው፤ "በእርግጥ" የምንለውም ፔዳል ኤፍን በሙሉ ድምፅ አውጥታችሁ ከዚያ በታች ሲያንቃችሁ ነው። በ60 የጀመረ ሰው ታችኛው ድምፁ ይግዘፍ እንጂ ኖታው የት እንደጀመረ አይታወቅም፤ መካከለኛው ድምፁም ይበተናል።

የባስን ማውዝፒስ እንዲህ ፈትኑት። ፔዳል ቢ ፍላትን በ1ኛ ፖዚሽን (ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ በሚቆምበት ቦታ) ጀምሩ፤ ኤ በ2ኛ፣ ኤ ፍላት በ3ኛ፣ ጂ በ4ኛ፣ ጂ ፍላት በ5ኛ፣ ኤፍ በ6ኛ እያላችሁ ውረዱ። እያንዳንዱን አራት ምት ያዙ። ከዚያ በኤፍ ትሪገር ከፔዳሎቹ በላይ ካለው ኤፍ እስከ ሲ ውረዱ፤ ሲ የምትገኘው ስላይዱ ጫፍ አካባቢ ነው። አንድ ትሪገር ብቻ ካለ ከሲ በታች ያለው ቢ ናቹራል ስላይዱ ላይ ቦታ የለውም፤ እሱ አልወጣ ሲል ማውዝፒሱን አትቀይሩ። ለዚያ ኖታ ሁለተኛ ትሪገር ወይም የትሪገሩን መቃኛ ቱቦ ማርዘም ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ሙከራው

በደሴ የጥር ማለዳ ቀዝቃዛ ማውዝፒስ አንስቶ መፍረድ አይገባም። የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲቀንስ የመሣሪያው ድምፅ በ3 ሴንት ገደማ ይወርዳል፤ ግማሽ ቶን 100 ሴንት መሆኑን አስታውሱ። ጠዋት ደሴ ተለማምዳችሁ ከሰዓት 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ብትወርዱ ቱነሩ የተለየ ነገር ይነግራችኋል። ማውዝፒሱን ኪስ ውስጥ አሙቁት፣ በለመዳችሁት 15 ደቂቃ ንፉ፣ ከዚያ አዲሱን ሰኩ።

መጀመሪያ ኤፍን፣ በባስ ክሌፍ አራተኛው መስመር ላይ ያለውን፣ ከሹክሹክታ እስከ ሙሉ ድምፅና መልሶ ወደ ሹክሹክታ አስኪዱ። ድምፁ ሲጀምር ትንፋሽ ብቻ የሚሰማበት ክፍተት ካለ ልብ በሉ።

ቀጥሎ ሦስቱን ቢ ፍላቶች በ1ኛ ፖዚሽን ቱነር ፊት ንፉ፦ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን፣ ከመስመሮቹ በላይ ያለውን፣ ከዚያ ሌላ ኦክታቭ ከፍ ያለውን። ቱነሩን እያያችሁ አታስተካክሉ፤ ዓይን ጨፍናችሁ ንፉና ሌላ ሰው ያንብብ። የሦስቱ ልዩነት በአሮጌው ማውዝፒስ ካለው ከሰፋ አዲሱ ለመሣሪያው አይሆንም። ላይኛውን ዲ በ1ኛ ፖዚሽን አትፈትኑበት፤ ያ ኖታ በተፈጥሮው 14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል፣ በየትኛውም ማውዝፒስ።

ከዚያ ቅኝት። ለእኛ ጆሮ ከማንኛውም የልምምድ መጽሐፍ ይልቅ እውነቱን የሚያወጣው ይህ ነው። ትዝታን ከቢ ፍላት ጀምሩ፦ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፤ ፖዚሽኑ 1፣ 6፣ 4፣ 1፣ 4፣ 1። በሌጋቶ (ኖታዎቹን ሳትቆርጡ)፣ በዝግታ ሂዱ። ሲ በ6ኛ ከዲ የደበዘዘች ከሆነች ምልክት አድርጉ።

ከባዱ ፈተና አምባሰል ነው፦ ቢ ፍላት፣ ሲ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ቢ ፍላት፤ ያለ ትሪገር ፖዚሽኑ 1፣ 7፣ 3፣ 1፣ 5፣ 1። የመጀመሪያው እርምጃ ግማሽ ቶን ብቻ ነው፣ ክንዱ ግን ከስላይዱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ከአጭሩ ቱቦ ወደ ረጅሙ በአንድ ትንፋሽ ሲታለፍ የጉሮሮው ጠባይ ይጋለጣል፤ የጠበበው በ7ኛ ላይ ያንቃል፣ የሰፋው ድምፁን ይበትናል። ሁለቱ ኖታዎች በአንድ ሰው ድምፅ የተዘፈኑ ከመሰሉ ያንን ማውዝፒስ ያዙት። አምባሰል ካለፈ በኋላ አንቺሆዬን በ1፣ 7፣ 3፣ 2፣ 4፣ 1 ብትሞክሩ ስላይዱ 3ኛና 2ኛ ላይ ሲቀራረብ የምላሳችሁ ጥራት ይታያል።

መጨረሻ ላይ ጓደኛችሁ 10 ሜትር ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይስማ፤ ሁለቱን ማውዝፒሶች እያቀያየራችሁ ያንኑ ሐረግ ንፉለት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትንገሩት። ለተጫዋቹ ጆሮ ቅርብ የሆነው ጩኸት ከሩቅ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይከዳል። ቤታችሁ ጠባብ ክፍል ከሆነ አዳራሽ ለምኑ፤ የደሴውን አይጠየፍን በሚያህል አዳራሽ ውስጥ ጨለማ መስሎ የነበረው ማውዝፒስ ሊያበራ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ፍርድ አይጸናም። አዲስ ነገር ሁሉ ለአንድ ሰዓት ጥሩ ይመስላል። ሁለት ሳምንት በእሱ ብቻ ተጫወቱ፣ ከአሮጌው ጋር አታፈራርቁ፣ ከዚያ ፈተናውን ድገሙና የመጀመሪያውን ቀን ማስታወሻ አስተያዩ።

ሁለቱንም ለሚጫወት

ቴኖርም ባስም የሚይዝ ሰው ሁለት ማውዝፒስ ያስፈልገዋል። አንድ 4ጂ ገዝቶ ለሁለቱም ማዋል ይታሰባል፤ ለቴኖሩ ይከብዳል፣ ለባሱ ያንሳል። ይልቅ የጠርዛቸው ቅርጽ የሚመሳሰል ሁለት ከአንድ ፋብሪካ ምረጡ፣ ለምሳሌ 5ጂና 1½ጂ። ልምምዱን በባሱ ጀምራችሁ በቴኖሩ ጨርሱ፤ ከሰፊ ወደ ጠባብ መሄድ ለከንፈር ይቀላል።

ተጣብቆ ሲቀር፣ ሲቆሽሽ

ማውዝፒሱ ተጣብቆ አልወጣ ካለ ፒንሳ አታስገቡ፤ ብየዳው ይላቀቃል፣ ማውዝፒሱን የሚቀበለው ቱቦ ይጠማዘዛል። መጋጠሚያው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣሉና አሳድሩት። ጠዋት እግሩ እንዲኮማተር በስኒው ውስጥ በረዶ ይዛችሁ በእጅ ብቻ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ካልሆነ የማውዝፒስ መንቀያ ያስፈልጋል፤ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ሁለት ብሎን ባለው ሳህን ሊሠራው ይችላል። ይህን ለማስቀረት ስትሰኩ ገፍታችሁ አታጣብቁ፣ በመዳፍም አትምቱት።

የእግሩ ጫፍ ወድቆ ከተጣመመ ቀዳዳው ክብ መሆኑን በብርሃን እዩ፤ ትንሽ ጥርምስ ያለው እግር ሙሉውን ድምፅ ያፍናል፣ ሰውም ማውዝፒሱ መጥፎ ነው ብሎ ይጥለዋል። ለስላሳ ሾጣጣ ብረት ወደ ውስጥ አስገብቶ እያዞሩ መመለስ ይቻላል።

በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፤ ጉሮሮውን በጠባብ ብሩሽ አጽዱ። ማውዝፒስ ከተዋወሳችሁ ከታጠበ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ፕላስቲክ ከሆነ በፈላ ውኃ አትንኩት።